አዌቱ ዳር ፈረስ ሲመጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት 11 ሰዎች ሆነን የአዌቱን ወንዝ ይዘን በእግር እንጓዛለን። መንገዱ ጋሪና ፈረሰኛ የሚመላለስበት ነው። ባለፈው አንዱ ፈረስ ደንብሮ ጓደኛችንን ጭቃ ውስጥ ጣላት። ምን ይሻለናል? (ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽን እግዜር ይማራት። ልጅነቴ ያለፈው ጋሪ ላይ ነው፤ ያስቸገረኝ ግን ፈረሱ ሳይሆን እግረኛው ነበር። የፈረስ ዓይን በግራና በቀኝ ስለሆነ ልክ ከኋላው ያለውን አያይም። በዝምታ ከኋላው ስትደርሱበት ጅብ የመጣበት ይመስለዋል። ስለዚህ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፤ ባለፈረሱን «እንዴት አደሩ» ማለት ይበቃል። ደግሞ ግማሻችሁ በግራ ግማሻችሁ በቀኝ ሆናችሁ መሀል አታስገቡት፤ ሁላችሁም በአንድ ወገን ቁሙና አሳልፉት። ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ ተቆጥቷል፣ ዞር በሉለት።

ጃንጥላውን ነገር አደራ! ጅማ ላይ ያለ ጃንጥላ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ግን አጠገቡ ስትደርሱ ቷ አድርጋችሁ እንዳትከፍቱት። እኔን አንድ ጊዜ ከነጋሪዬ ቦይ ውስጥ የከተተኝ እሱ ነው።

ልጆች ካሉበት ደግሞ «አባ ጅፋር» የሚለው የጅማ ንጉሥ መጠሪያ ራሱ የፈረስ ስም፣ ማለትም ከፈረሳቸው የመጣ መጠሪያ መሆኑን ንገሪልኝ።