ፎርት ኢየሱስ፦ ግንቡ ሳይፈርስ የወደቀ ምሽግ

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ወደ ኬንያዋ ሞምባሳ በሄድኩበት ጊዜ በወደቡ መግቢያ ላይ የቆመውን «ፎርት ኢየሱስ» የተባለ ምሽግ ጎብኝቼ ነበር። አስጎብኚያችን ምሽጉ ከ1631 እስከ 1875 ባለው ጊዜ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ነገረን። ግድግዳውን ቀና ብዬ ስመለከተው ግን እንዲህ ያለ ግንብ አንድ ጊዜ እንኳ እንዴት ሊያዝ እንደቻለ አልገባኝም። ደግሞስ የጦር ምሽግ በጌታችን ስም የተጠራው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናስቀምጥና ከስሙ እንጀምር፤ የእሱ ምላሽ አጭር ነውና። የፖርቱጋል መርከቦች ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ «የክርስቶስ ማኅበር» የተባለውን ሃይማኖታዊ የጦር ማኅበር መስቀል በሸራቸው ላይ ይዘው ይቀዝፉ ስለነበር፣ በዚያ ዓርማ ሥር የታነፀው ምሽግም በኢየሱስ ስም ተሰየመ። ሥራው በ1593 ተጀምሮ በ1596 ገደማ ለአገልግሎት የበቃ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ የሚላን ተወላጅ መሐንዲስ ነው። የታነፀው በኮራል ድንጋይ ነው፤ እርስዎ ቀና ብለው ያዩት ግድግዳ ታችኛው ክፍልም ተጠርቦ እንደ ግንብ እንዲቆም የተደረገ የደሴቲቱ ዓለት ነው። በአራቱ ማዕዘኖች ወደ ውጭ የወጡት ግንቦች ደግሞ ወደ ግድግዳው ሥር የተጠጋ ጠላት ከጎን በመድፍ እንዲመታ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ ወጪ ያስወጣቸው ፍርሃት ነበር። በ1580ዎቹ ሚር ዓሊ ቤይ የተባለ የኦቶማን የባሕር አዛዥ ወደዚያ ጠረፍ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሞምባሳን ጨምሮ በርካታ የጠረፍ ከተሞች ስለተቀበሉት፣ ፖርቱጋሎች በ1589 የምሥራቅ ግዛታቸው ማዕከል ከነበረችው ከሕንዷ ጎዓ መርከቦች ልከው አዛዡን ከያዙት በኋላ ያንን ወደብ ያለ ቋሚ ጦር መተው እንደማያዋጣ ተረዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። የዘጠኙ ቁጥር እንደ አቆጣጠሩ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ልብ የሚባለው ግን ምሽጉ በተያዘባቸው ጊዜያት አብዛኛውን የወደቀው ግድግዳው በመድፍ ተንዶ ሳይሆን ውስጡ ያለው ሰው ስላለቀ፣ ስለተጣላ ወይም ስለከዳ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ውድቀት ይህንኑ ያሳያል። ዩሱፍ ቢን ሐሰን የሞምባሳ ሱልጣን ልጅ ሲሆን፣ አባቱ ከፖርቱጋሉ አዛዥ ጋር ተጣልቶ ከተገደለ በኋላ በልጅነቱ ወደ ጎዓ ተወስዶ ክርስትና ተነሣ፤ ስሙም ዶን ጀሮኒሞ ተባለ። ፖርቱጋሎች የራሳቸው ሰው አደረግነው ብለው መልሰው ዙፋን ላይ ቢያስቀምጡትም፣ በነሐሴ 1631 ከተከታዮቹ ጋር ሳይታሰብ ወደ ምሽጉ ገብቶ አዛዡን ገደለና ወደ እስልምና መመለሱን ይፋ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1632፣ በእኛም አገር አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን ትተው የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። ሁለቱን ጉዳዮች የሚያገናኝ ክር ባይኖርም፣ የፖርቱጋሎች ተጽዕኖ በሁለት ቦታ በአንድ ሰሞን መንገዳገዱ ያስገርማል። ዩሱፍ ምሽጉን መልሶ ለመያዝ የመጣውን ጦር ቢመክትም በ1632 ራሱ ጥሎት ስለሄደ፣ ፖርቱጋሎች ባዶውን ግንብ ያለ ውጊያ ተረከቡ።

ከሁሉ የከፋው ከመጋቢት 1696 እስከ ታኅሣሥ 1698 የዘለቀው የኦማኖች ከበባ ነው። እዚህ ላይ የነፋሱን ነገር ካላነሣን ታሪኩ አይገባም። በሸራ በሚነዳ መርከብ ዘመን ከጎዓ ወደ ሞምባሳ የሚያመጣው ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው የበጋ ሞንሱን (በየወቅቱ አቅጣጫውን የሚቀይር ነፋስ) ሲሆን፣ ወደ ጎዓ የሚመልሰው ደግሞ በተቃራኒው ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ነው፤ ስለዚህ የተከበበው አዛዥ የድረሱልኝ ደብዳቤውን በአንደኛው ነፋስ ልኮ መልሱን ለማየት ሌላኛው እስኪነፍስ ወራት መጠበቅ ነበረበት። ኦማኖች ይህን ስለሚያውቁ ግድግዳውን ለማፍረስ አልቸኮሉም። በውስጡ የነበሩትን ረኀብና በሽታ ጨረሷቸው። በ1697 አጋማሽ ላይ የመጨረሻዎቹ ፖርቱጋሎች ሲሞቱ፣ ምሽጉን የያዘው ዳውድ የተባለ፣ የጠረፏ ከተማ የፋዛ ልዑል ነበር፤ ከእርሱም ጋር የነበሩት ዘመዶቹና ጥቂት አፍሪካውያን ወንዶችና ሴቶች ብቻ ናቸው። ደራሽ ጦር በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቢደርስም በሽታው አዲሶቹንም አልማራቸውም። በመጨረሻ ኦማኖች በታኅሣሥ 1698 በሌሊት ግድግዳውን ወጥተው ሲገቡ የጠበቋቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሌላ ደራሽ ጦር የጫኑ መርከቦች የደረሱት ምሽጉ ከተያዘ ከቀናት በኋላ ስለነበር፣ የኦማንን ሰንደቅ በግንቡ ላይ አይተው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ያለው በአጭሩ ይበቃል። በ1728 የኦማን ወታደሮች እርስ በርሳቸው በመጣላታቸው ፖርቱጋሎች ተመልሰው ገቡ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን የከተማው ሕዝብ ተነሥቶባቸው ለቀው ወጡ። ቀጥሎ የማዝሩኢ ቤተሰብ ገዥዎች ከኦማን ተገንጥለው ለብዙ ዘመን ያዙት፤ በ1837 ደግሞ የኦማኑ ገዥ ሰይድ ሰዒድ ከእነርሱ ተረከበው። በ1875 አንድ የጦር አለቃ በውስጡ ሲያምፅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከባሕር ደበደቡት። ከ1895 እስከ 1958 እስር ቤት ሆኖ አገለገለ፤ ኋላም ሙዚየም ሆነ፣ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ዳግመኛ የመሄድ ዕድል ከገጠመዎ በሙዚየሙ ውስጥ ከሰመጠ መርከብ የወጡ ዕቃዎችን ሳያዩ አይውጡ። መርከቡ «ሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና» ይባላል፤ በ1697 ለተከበቡት እርዳታ ይዞ መጥቶ ከምሽጉ ፊት ለፊት ሰመጠ። ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ፍርስራሹን በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲመረምሩት ከ280 ዓመት በኋላም የመርከቡ አካል ታችኛ ክፍል በደለል ተሸፍኖ ቆይቷቸዋል።