የሸርጣኔ መቆንጠጫ ወለቀ፣ ምን ይሻለኛል?

በቤታችሁ ፊድለር ሸርጣን (የወንዱ አንዱ መቆንጠጫ ከሌላው እጅግ የሚተልቅ ትንሽ ሸርጣን) የምታረቡ ሰዎች ያሳሰባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከአራት ኪሎም ከካዛንቺስም ጥያቄ መጣ። አብዛኛው ስለ መቆንጠጫ ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስነሳ የወንዱ ሸርጣኔ ትልቁ መቆንጠጫ አሸዋው ላይ ወድቆ አገኘሁት። በጣም ደነገጥኩ። ቁስሉን ምን ልቀባው?

መልስ፦ አይዞሽ፣ ምንም አትቀቢው። ሸርጣን ሲያዝ ወይም ሲጣላ መቆንጠጫውን ራሱ ጥሎ ያመልጣል። የሚለየው ሥሩ አጠገብ፣ ለዚሁ በተፈጠረ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ያለ ስስ ሽፋን ደሙን ቶሎ ይዘጋዋል። ቆይተሽ ጉቶውን ቀረብ ብለሽ እዪው፤ ትንሽ እብጠት ታያለሽ። አዲሱ መቆንጠጫ እዚያች ውስጥ ተጣጥፎ ነው የሚያድገው። ሸርጣኑ ቅርፊቱን ሲቀይር ይዘረጋል። መጀመሪያ ትንሽ ነው። የድሮውን መጠን እስኪይዝ ደጋግሞ ቅርፊት መቀየር አለበት። አንድ ነገር አደራ፦ መቆንጠጫውን ይዘሽ አታንሺው።

ጥያቄ፦ ትልቁ ሲወልቅ በሌላው በኩል ያለው ትንሹ ይተልቃል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለፊድለር ልክ አይደለም። የቀኙ ከወለቀ የሚበቅለው በቀኝ ነው። ጎን የሚቀያይረው መቆንጠጫውን የሚያጮኸው የሽሪምፕ ዘር ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በሚኖር አንድ የፊድለር ዝርያ የበቀለው መቆንጠጫ ቀለል ያለና ጥርስ አልባ ነው፤ ለጠብ ይደክማል። ሴቶቹ ግን አይተው አይለዩትም። ይሄ ሁሌም ይደንቀኛል።

ጥያቄ፦ አሁን በምን ይበላል?

መልስ፦ በትንሹ። ድሮም ትልቁ ለመብላት አይሆንም ነበር።

ጥያቄ፦ ውሃው ውስጥ የወጥ ጨው ልጨምር?

መልስ፦ በፍጹም! የአኳሪየም የባሕር ጨው ነው የሚያስፈልገው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ ክሎሪኑን አስወግድ። ደግሞ የአዲስ አበባን ሌሊት አትርሳ። 25 ዲግሪ አካባቢ እንዲቆይ ማሞቂያ ግድ ነው። መብራት ከጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ ሸርጣን መቆንጠጫው ከወለቀ ሰንብቷል። ሰሞኑን መብላት ትቶ ተደበቀ፣ ዛሬ ሬሳውን አገኘነው። ሕፃኑ እያለቀሰ ነው።

መልስ፦ እማማ፣ እባክዎ እንዳይጥሉት። ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው በብርሃን ይዩት። ከኋላ ተከፍቶ ውስጡ ባዶ ከሆነና ካልሸተተ፣ ሬሳ ሳይሆን የተጣለ ቅርፊት ነው። እኔም የመጀመሪያውን እንዲሁ መስሎኝ ቆሻሻ ውስጥ ጥዬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቅርፊቱን ወደ ቦታው ይመልሱት። ካልሲየሙን መልሶ ለማግኘት ይበላዋል። እሱ ራሱ አሁን ገላው ለስላሳ ነው፤ ድንጋይ ሥር ወይም ጉድጓዱ ውስጥ ይኖራል። አይቆፍሩ፣ አይንኩት። ሌላ ሸርጣን አብሮ ካለ ግን እንዳይበላው በመሃል ይጋርዱለት። ጠንክሮ ሲወጣ ሕፃኑን ይጥሩት። ጉቶው የነበረበት ቦታ ላይ ነጣ ያለች ትንሽ መቆንጠጫ ሊያይ ይችላል።