አባቴ ዝም ብለዋል፣ የትኛውን ዘፈን ልክፈትላቸው? ላልሽው

ምናልባት የምትከፍቺው ዘፈን የእሳቸው ዘመን ስላልሆነ ይሆናል። «ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ የ72 ዓመት አባቴ ዝም ብለዋል፤ ሙዚቃ ብከፍትም ምንም አይመስላቸውም» ብለሻል። ሰው ይበልጥ የሚያስታውሰው ከአሥራዎቹ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜው የሰማውን ነው። ስለዚህ ከ1961 እስከ 1971 ዓ.ም. ገደማ ያለውን ፈልጊ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ።

1. ቴሌቪዥኑን ዝጊና አንድ ዘፈን ብቻ ክፈቺ።
2. ሲያልቅ «ያኔ የት ነበሩ?» በያቸውና ጠብቂ። «ያስታውሱታል?» አትበያቸው፤ ፈተና ይሆንባቸዋል።

እማዬም ቱሉ ዲምቱ ስናመጣት እንዲሁ ነበረች። አንድ ቀን ቡና እየተፈላ የድሮ ትዝታ ከፈትኩ። ጣቷ ሲኒውን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ከዚያማ የድሮ ሰፈራችንን፣ የቦኖ ውሃውን ወረፋ ሳይቀር እያነሳች በረካ እስኪደርስ አወራች። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ያ ዘመን የቀይ ሽብርም ዘመን ነው። እኔ ሳላውቅ ሟች አጎቴ ይወደው የነበረውን ዘፈን ከፍቼ እማዬ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። አስቀድመሽ ታላላቆችሽን ጠይቂ። ፊታቸው ከጠቆረም ደንግጠሽ አትዝጊው፤ ድምፁን ቀንሺና አጠገባቸው ቁጭ በይ።