የኪስ ገንዘቡን አታቋርጪበት

እህቴ፣ የ8 ዓመት ልጅሽ የሳምንቱን የኪስ ገንዘብ በአንድ ቀን ጨርሶ ለተጨማሪ እንደሚነዘንዝሽ ጽፈሽ «መስጠቱን ላቁም ወይ?» ብለሻል። እንዳታቆሚ። የእኔም ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ገንዘብ እጇ ላይ አያድርም ነበር፤ ዛሬ ግን የምትፈልገውን ዕቃ ወራት ጠብቃ በራሷ ገንዘብ ትገዛለች።

1. ካለቀ አለቀ። የመስጫውን ቀን ወስኚና እስኪደርስ ድረስ ቢያለቅስም አትጨምሪለት። ልጄ አንድ ጊዜ የሳምንቷን ገንዘብ በሙሉ አውጥታ የፕላስቲክ የእጅ ሰዓት ገዛች፤ በማግሥቱ ማሰሪያው ተበጠሰ። አባቷ አንጀቱ አልችል ብሎ ሌላ ሊገዛላት ሲነሣ አጥብቄ ከለከልኩት። ጨካኝ ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ልጅቷ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛቷ በፊት ታገላብጠዋለች፤ ማሰሪያ ካለው ሳብ ሳብ አድርጋ ትፈትሻለች። ዕድሜ ልኬን ብመክራት ይህን አላስተምራትም ነበር።

2. ሳህን ስላጠበ ወይም አልጋውን ስላነጠፈ አትክፈዪው። የቤት ውስጥ ሥራ የቤተሰቡ ሁሉ ድርሻ ነው። ክፍያ ደግሞ የልጁን የራሱን ፍላጎት ሊያቀዘቅዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ባሳተሙት ጥናት፣ መሣል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ከሣሉ በኋላ በራሳቸው ፍላጎት የሚሥሉበት ጊዜ ቀንሶ ተገኝቷል።

3. ማጠራቀም ሲለምድ የባንክ ደብተር ክፈቺለት፤ ባንኩን ግን አስቀድመሽ አጣሪ። እኛ የደረሰብንን ልንገርሽ። ልጄ ውስጡ በሚታይ ብልቃጥ ያጠራቀመችውን ሳንቲም ዐሥር ዐሥር አድርጋ በወረቀት ጠቅልላ፣ በየጥቅሉ ላይ ድምሩን ጽፋ ወደ መስኮቱ ቀረበች። ገንዘብ ተቀባዩ እሷን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ይህን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥራል? ወደ ኖት ቀይራችሁ ኑ» አለኝና ጥቅሎቹን በጣቱ ጫፍ ገፋቸው። አንዱ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ተበተነ። ልጄ አጎንብሳ እየለቀመች ነበር! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሥራ አስኪያጁን አስጠርቼ የሆነውን ስነግረው «እንቀበላችኋለን» አለ። እሷ ግን «እዚህ አላስቀምጥም» አለች። እንዴት እንደኮራሁባት! ገንዘቡ የእሷ ነውና ይዘን ወጣን። በሌላ ባንክ አንዲት ሠራተኛ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አብራት ቆጠረች፤ ደረሰኙንም የሰጠችው ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ነው።

የልጅን ገንዘብ እንደ መጫወቻ የሚያዩት ባንክ ቤት ብቻ አይደሉም። ዘመድም ሲቸግረው ከሕፃን ሣጥን «ተበድሮ» ይረሳዋል። ይህን በቤትሽ ፈጽሞ አትፍቀጂ፤ ቆጥቦ የተወሰደበት ልጅ ቶሎ ማጥፋትን ይመርጣል።

ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት ሳንቲም ይቀበሉ እንደሆነ፣ ሒሳቡ ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን የሚቆረጥ ክፍያ መኖሩን፣ የወለዱንም መጠን ጠይቂ። ወለዱን ካወቅሽ 72ን ለወለዱ ቁጥር አካፍዪ፤ ገንዘቡ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ይነግርሻል። ወለዱ በዓመት 6 በመቶ ቢሆን፣ ሳይነካ የተቀመጠው ገንዘብ በ12 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስሌቱን ግን ልጅሽ ራሱ ይሥራው።