«አባቴ ላይብረሪ ያለሁ ይመስለዋል»

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የምናነበው፤ ይህን ደብዳቤ ግን እሷም አታውቅም።

ወደ ቨርጂኒያ የመጣሁት ደሴ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ነው። አሁን 19 ዓመቴ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ነርሲንግ ለመማር እየተዘጋጀሁ ነው። ሃይስኩል እያለሁ ለትምህርት ቤቴ አገር አቋራጭ እሮጥ ነበር። 5 ኪሎ ሜትር በ19 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገብቻለሁ። ስኮላርሺፕ ልስጥሽ ብሎ የመጣ አሰልጣኝ ግን አልነበረም።

መተው አቃተኝ። በሳምንት አምስት ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ብቻዬን እሮጣለሁ። አባቴ ሌሊት ኡበር ስለሚነዳ ቤት ሲገባ እኔ ወጥቻለሁ፤ ላይብረሪ ያለሁ ይመስለዋል። አንድ ቀን ስለ ቡድኑ ጫፉን ባነሳበት «ሩጫ እኮ ከድህነት መውጫ ነው፤ አንቺ መውጫውን አግኝተሻል፣ ትምህርትሽን ያዢ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንስቼበት አላውቅም።

ለዩኒቨርሲቲያችን አሰልጣኝ ሁለት ጊዜ ኢሜይል ጻፍኩ። «ሩጫ በጣም እወዳለሁ፣ እባክዎ አንድ እድል ይስጡኝ» ነበር ያልኳት። ለሁለተኛው «ቡድናችን ሞልቷል፤ መልካም ዕድል» የሚል አንድ መስመር መለሰችልኝ። ብዙ አለቀስኩ። ደግሞ በዐቢይ ጾም ሰዓቴን ብለካው ከሃይስኩሉ በአንድ ደቂቃ ወርጃለሁ፤ እግሬ እርሳስ ይሆንብኛል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ልተወው?

ከቨርጂኒያ

* * *

ልጄ፣

ከአሰልጣኟ መልስ ልጀምር፤ ያ አንድ መስመር ከሚገባው በላይ ጎድቶሻል። ስምሽን አይታ የዘጋችው በር አይደለም። ከ2025 በፊት አሰልጣኞች ያለ ስኮላርሺፕ በራሳቸው ጥያቄ የሚመጡ ተማሪዎችን፣ «ዎክ ኦን» የሚሏቸውን፣ አቅማቸው የቻለውን ያህል ይይዙ ነበር። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ ከዚሁ ጋር ስምምነቱን የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ በየስፖርቱ የሚይዘው ሰው ብዛት ተገደበ። ለሴቶች አገር አቋራጭ 17፣ ለትራክ (ለመምና ለሜዳ ተግባራት) 45። ገፈቱን የቀመሱት እንዳንቺ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ማንም ሳይጠራቸው፣ ወደውት ብቻ የሚመጡ። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ።

ስለዚህ እንደገና ጻፊላት፣ ግን ሌላ ደብዳቤ። መውደድሽን ታምናለች፤ የምትፈልገው ቁጥር ነው። የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓትሽን ከነቀኑ፣ በሳምንት ስንት ማይል እንደምትሮጪ፣ የትምህርት ውጤትሽን ጻፊ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ዩኒቨርሲቲያችን በዚህ ገደብ ውስጥ ነው ወይ? ለዎክ ኦን የምትጠብቁት ሰዓት ስንት ነው? ብዙ ቡድኖች እንዲህ ያለ ሰዓት አላቸው፤ በድረ ገጻቸው የሚያወጡትም አሉ። ስድስት መስመር ይበቃል።

አልሸነግልሽም፣ 19 ከ20 ለአብዛኛው የዲቪዥን አንድ፣ ማለትም የከፍተኛው ደረጃ የኮሌጅ ቡድን አይበቃም። በሦስተኛው ደረጃ፣ በዲቪዥን ሦስት፣ በደስታ የሚቀበሉሽ ብዙ ናቸው፤ እዚያ በስፖርት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ስለሌለ ከሌሎቹ እኩል ነሽ። ነገር ግን ለሩጫ ብቻ ብለሽ የጀመርሽውን ነርሲንግ ትተሽ ዩኒቨርሲቲ እንድትቀይሪ አልመክርሽም።

ግን የትኛው ሰዓትሽ እውነተኛው እንደሆነ መቼ አወቅሽ? በጾም፣ ብቻሽን፣ እንቅልፍ አጥተሽ፣ እግርሽ እርሳስ ሆኖ የተለካ ሰዓት አይፈርድብሽም። ከሁሉ በፊት ደምሽን ተመርመሪ። «ፌሪቲን» የሚባለውን፣ የብረት ክምችትሽን እንዲያዩልሽ ሐኪሙን በስሙ ጠይቂ። ሴት ሯጮች ላይ ብረት ማነስ በጣም የታወቀ ነው። ምስርና ጎመናችን ብረት አላቸው፤ ሆኖም የዕፅዋት ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፣ ከምግቡ ጋር ቡና ወይም ሻይ ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል። ቡናውን ካንድ ሰዓት በላይ አቆዪው፣ ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት። ጹሚ አትጹሚ አልልሽም፤ ውጤቱን ይዘሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

ብቻሽን መሮጡን ደግሞ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አቁሚ። በጨለማ ብቻዋን የምትሮጥ ልጅ እናት ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች የሩጫ ክለብ አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሙከራ የለውም፤ መጥቶ መሮጥ ነው። ክለቦቹ በየበልጉ የራሳቸው አገር አቀፍ የአገር አቋራጭ ውድድር አላቸው፤ እዚህ በልግ የሚሉት የእኛ ከመስከረም እስከ ኅዳር መሆኑን አትርሺ።

የወንድሜን ልጅ ታሪክ ልንገርሽ። እሱም «ሞልቷል» ተብሎ ነበር። በበልግ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ ውድድር ላይ ከፍሎ ተመዘገበ። ሣሩ በጤዛ ርሶ፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ልጆች በየድንኳናቸው ሥር ማልያቸውን ሲያስተካክሉ፣ እሱ ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር ካናቴራ ለብሶ ብቻውን ያሟሙቅ ነበር። የውጤት ሰሌዳው ላይ ከስሙ ጎን የትምህርት ቤት ስም በሚጻፍበት ቦታ «አንአታችድ» ይላል፤ ቡድን የለሽ ማለት ነው። 61ኛ ገባ። ከእሱ ኋላ ግን የዩኒቨርሲቲው ቡድን ሁለት ልጆች ገቡ። አሰልጣኙ ውኃ ይዞ መጣና «አንተ ማነህ?» አለው። በጥር አብሯቸው ልምምድ ጀመረ። ማልያውን ለብሶ የሮጠው ግን በሦስተኛ ዓመቱ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ይህንንም እወቂው፤ በአገር አቀፉ ሻምፒዮና አንድ ቡድን የሚያሰልፈው 7 ሯጭ ነው፣ ነጥብ የሚያዘውም የ5ቱ። አሥራ ሰባተኛዋ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ለሌሎቹ ልምምድ አጋር ልትሆን ትችላለች። የወንድሜ ልጅ እነዚያን ሦስት ዓመታት በምንም አልለውጥም ይላል፤ አንቺ ግን ቀድመሽ ማወቅ አለብሽ።

ከተቀበሉሽ ወረቀቱ ብዙ ነው። የሐኪም ምርመራ፣ የሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የደም ሕመም) ምርመራ ውጤት፣ በኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ በኤን ሲ ኤ ኤ መመዝገብ። ለዲቪዥን አንድ በሃይስኩል 16 ዋና ዋና ኮርስ መጨረስሽን ያያሉ፣ የሚያዩትም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ዘጠነኛን የተማርሽው ደሴ ነውና ያ ትራንስክሪፕት ከዚያ መምጣት አለበት። አክስት ካለሽ ዛሬ ደውይላት፤ ማኅተም ለማስመታት ብቻ ስንት ቀን እንደሚመላለሱ ታውቂያለሽ።

ሌላም ወረቀት አለ። ቡድኑ ኢንሹራንስሽን ይጠይቃል፣ የአንቺ ደግሞ በአባትሽ ስም ይመስለኛል። ላይብረሪ ናት ብለው የሚያስቡ አባት የኢንሹራንስ ካርዳቸው ለሩጫ መጠየቁን ከሌላ ሰው እንዲሰሙ አትፍቀጂ።

አባትሽ የተናገሩት ነገር ከፍቅር የመጣ ነው። እሳቸው ባደጉበት ዘመን ሯጭ ማለት ሌላ መንገድ ያጣ ሰው ነበር፤ ሌሊቱን የሚነዱት አንቺ ያንን መንገድ እንዳትመርጪ ነው። ስለ ያሬድ ንጉሤ ንገሪያቸው። ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ያደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ ነው፤ ኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ ይሮጥ ነበር፤ ከተመረቀ በኋላ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በ1500 ሜትር ነሐስ ወሰደ። እሱን አሰልጣኞች ፈልገውት ነው የሄደው፣ ፍጥነቱም ከአንቺ ጋር አይነጻጸርም፤ አባትሽ እንዲሰሙ የምፈልገው መማሩን ነው። ደግሞ ሩጫው የሚወስደውን ሰዓት ሳትደብቂ ንገሪያቸው። በዲቪዥን አንድ በውድድር ወቅት የሚፈቀደው በሳምንት ቢበዛ 20 ሰዓት ነው፣ አንድ ቀን እረፍት ግዴታ ነው፤ ጉዞው ግን ከዚያ ውጭ ነው። የዘንድሮ ውጤትሽን አትመሽ አስቀምጪላቸው። ከምን በታች ከወረደ እንደምታቆሚ ቁጥሩን እሳቸው ይንገሩሽ፣ አንቺም ቃል ግቢ።

ከሥራ ሲመለሱ ጠብቂያቸው። የሩጫ ጫማሽን እንዳደረግሽ በሩን ክፈችላቸው፤ ይበሉ፣ ቡናቸውን ይጠጡ፣ ከዚያ የት እንደነበርሽ ንገሪያቸው። ካርዱን የምትጠይቂው በመጨረሻ ነው።