ዴስክቶፕ ልገጥም ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የሠርግ ካርድና የሱቅ ባነር ዲዛይን እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። ላፕቶፔ አርጅቷል፤ ፎቶሾፕ እስኪከፍት ቡና ይፈላል። ስለዚህ ዕቃ ዕቃውን ቀስ በቀስ እየገዛሁ ራሴ ዴስክቶፕ ልገጥም አስቤያለሁ። ፒያሳ ያሉ ሱቆች «ምን አደከመሽ፣ ያገለገለ ዴል ውሰጂ» ይሉኛል። ወንድሜ ደግሞ ያለ ግራፊክስ ካርድ (ምስል ለማውጣት ለብቻው የሚሰካው ካርድ) ዋጋ የለውም ባይ ነው። መብራቱን መቼም ያውቁታል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መግጠሙ ከባድ አይደለም፤ ብሎን ማጥበቅ ካወቅሽ ግማሽ ቀን ይበቃሻል። ከባዱ ግዢው ነው።

ወንድምሽን ለጊዜው ተይው። ለካርድና ለባነር ሥራ ከግራፊክስ ካርድ በፊት ራም (ማሽኑ በእጁ ያለውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት) እና ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ) ነው የሚያስፈልግሽ። ራም 16 ጊጋ፣ ከተቻለ 32። ፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) ግራፊክስ በውስጡ ያለው ይሁን፤ ለምሳሌ ራይዘን 5 5600ጂ። ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ከቁጥሩ ኋላ «ኤፍ» ያለበትን አትንኪ። ኮር አይ5 12400 ስክሪን ላይ ያሳይሻል፤ 12400ኤፍ ግን ያለ ካርድ ጨለማ ነው፣ ረከስ ስለሚል ሻጩ ያንኑ ሊያወጣልሽ ይችላልና ሳጥኑን አንብቢ። ካርዱ ብር ሲገኝ ይጨመራል፤ ቦታው ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ አለ።

ያሳሰበኝስ «ቀስ በቀስ» ያልሽው ነው። ዛሬ ማዘርቦርድ፣ ከሁለት ወር በኋላ ፕሮሰሰር ከገዛሽ ማዘርቦርዱ ደህና መሆኑን እስከዚያ በምን ታውቂያለሽ? የሱቁ ዋስትና ያልፍብሻል። ደግሞ ሁሉም ከሁሉም አይገጥምም። 5600ጂ የሚቀመጠው ኤኤም4 በሚባል ሶኬት (ማዘርቦርዱ ላይ ያለ የፕሮሰሰር መቀመጫ) ላይ ነው፤ ኤኤም5 የሚባለው አዲሱ ሶኬት ያለው ማዘርቦርድ ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ዲዲአር4 ብትገፊውም አይገባለትም። ስለዚህ ብሩን አጠራቅመሽ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰርና ራሙን በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ግዢ፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሰክተው አስነስተው ያሳዩሽ። በተለይ ከአዲስ አበባ የምታመጪው ከሆነ፣ ለአንዲት ራም ብሎ 400 ኪሎ ሜትር መመለስ ልብ ያደርቃል።

ወደ መብራቱ ልምጣ። ከግራፊክስ ካርዱ የተረፈውን ብር ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው) ላይ አውይው። ከኬዙ (ሁሉም ከሚገጠምበት ቆርቆሮ) ጋር ተመርቆ የሚመጣውን ስም የለሽ አልመክርም፤ ሲቃጠል ብቻውን ላይቃጠል ይችላል። ለዚህ ማሽን ደህና 500 ዋት ይተርፈዋል። ከጀርባው ቀይ ማዞሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታዪ እንዳትሰኪው፤ 115 ላይ ሆኖ የኛ 220 ቮልት ከገባበት ድው ብሎ ያልቅለታል። ዩፒኤስም (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ያስፈልግሻል፣ ግን መብራት ሲሄድ ልሠራበት ብለሽ አይደለም፤ ሥራሽን ሴቭ አድርገሽ በወጉ የምትዘጊበትን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጥሽ። ሌዘር ፕሪንተር አትሰኪበት። መብራት ከሄደ ደግሞ መሰኪያውን ከግድግዳው ንቀዪው፣ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ አይታወቅም።

የፒያሳ ልጆች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ብሩ ካልደረሰ ያገለገለ ዴል ያሠራል። ብቻ የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ የራሳቸው ቅርጽ ስላለው በኋላ ማሻሻል ያስቸግራል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 2025 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ከዚያ በታች የሆነውን እንዳትቀበዪ።

የመግጠሚያው ቀን የደሴ ብርድ ነው ብለሽ ሱፍ ሹራብ ለብሰሽ ስጋጃ ላይ አትቀመጪ፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሥሪ፣ ሰውነትሽ ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳያበላሽ ከመንካትሽ በፊት የኬዙን ብረት ንኪ። የፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን አለች፤ ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር አግጥመሽ አስቀምጪው፣ በራሱ ቁጭ ይላል። ካልተቀመጠ አትጫኚው፤ አንስተሽ እግሮቹን እዪ። ከ5600ጂ ጋር የሚመጣው ፋን ሥሩ ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ሌላ አትጨምሪ። ፋኑን ለማሰር ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት ፕላስቲኮች ስትፈቺ ከጀርባ ያለው ብረት ይወድቃል፤ በሌላው እጅሽ ያዢው። ሁለት ራም ከሆነና የራም ቦታው አራት ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሪ 2ኛና 4ኛ ቦታ ላይ፣ ቀጭ እስኪል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ገጥሜ ጨረስኩ፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ምንም የለውም። ማዘርቦርዱ ሞቷል?

መልስ፦ ገና ነው ወንድሜ፣ ቶሎ አትቅበረው። ግራፊክስ ካርድ ካለህ የስክሪኑ ገመድ ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ብዙ ሰው እዚህ ይሸወዳል። ቀጥሎ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የምትገባዋን ባለ 8 ፒን የመብራት ገመድ እይ፤ እሷ ካልተሰካች ፋን ይዞራል እንጂ ማሽኑ አይነሳም። ራሞቹን አውጣና አንዱን ብቻ 2ኛው ቦታ ላይ መልሰህ ሞክር። ዲዲአር5 ከሆነ መጀመሪያ ሲነሳ ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል እንዳታጠፋው፣ ታገሥ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥተህ ካርቶኑ ላይ አስቀምጥና በፕሮሰሰር፣ በአንድ ራምና በፓወር ሰፕላይ ብቻ አስነሳው፤ ግራፊክስ የሚያወጣው ካርዱ ብቻ ከሆነ እሱንም ጨምር። ውጪ ተነስቶ ኬዝ ውስጥ እምቢ ካለ፣ ከሥሩ የቀረ ብሎን ማዘርቦርዱን እየነካው ሊሆን ይችላል።