ጓቴማላን በሰባት ቀን፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ መካከለኛው አሜሪካ አገሮች በጥቂቱ ካነሳሁ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ጓቴማላን የሚመለከቱ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንቆየው ሰባት ቀን ብቻ ነው። አንቲጓን፣ አቲትላን ሐይቅን፣ የጥንቱን የማያ ከተማ ቲካልን፣ ሴሙክ ቻምፔይንና የካሪቢያንን ጠረፍ አዳርሰን መመለስ እንችላለን?

አትችሉም፤ ቢቻል እንኳ አልመክራችሁም። የአገሪቱ ስፋት ወደ 109,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ በካርታ ላይ ሁሉም ነገር ቅርብ ይመስላል፤ ይሁንና መንገዱ ተራራ ለተራራ የሚጠማዘዝ ነው። ከዋና ከተማዋ ከጓቴማላ ሲቲ እስከ አንቲጓ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እንኳ መኪና በበዛበት ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ካሃቦን የተባለው ወንዝ 300 ሜትር ገደማ በሚረዝም የኖራ ድንጋይ ድልድይ ሥር ሲያልፍ በላዩ ላይ አረንጓዴ ኩሬዎች የተደረደሩበት ሴሙክ ቻምፔይ እጅግ ያማረ ቦታ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከአንቲጓ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ለመመለስም ሌላ ቀን ስለሚጠይቅ ከልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው አይመችም። በጀልባ ብቻ የሚደረስባትን የአፍሪካና የካሪቢያን ነባር ሕዝቦች ዝርያ የሆኑት የጋሪፉናዎች ከተማ ሊቪንግስተንንም ለሌላ ጊዜ አቆዩአት።

ሁለት ሌሊት አንቲጓ፣ ሁለት ሌሊት ሐይቁ ዳር፣ ከዚያም ወደ ጓቴማላ ሲቲ ተመልሳችሁ አንድ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ በረራ ለቲካል ቅርብ በሆነችው ፍሎሬስ ሁለት ሌሊት ብታድሩ ጉዞው ይበቃችኋል። ወደ ፍሎሬስ በአውቶቡስ መሄድ ርካሽ ቢሆንም ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ስለሆነ ከሰባቱ ቀን አንዱን ይበላባችኋል። አንቲጓ ውስጥ ወደ ሙዚየም ከመሮጥ ይልቅ በእግር መዘዋወሩ ይሻላል። ከተማዋ እስከ 1773 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ድረስ የስፔን የመካከለኛው አሜሪካ ግዛት መናገሻ ነበረች፤ በ1776 መንግሥቱ ወደ አሁኑ ዋና ከተማ ሲዛወር፣ ጣሪያቸው የወደቀ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት እንደተሰነጠቁ እዚያው ቀሩ። ዛሬ ውበቷን የሰጧት እነዚያው ፍርስራሾች ናቸው።

ከአዲስ አበባ፦ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ምን ዓይነት ሰነድ ያስፈልገዋል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የቪዛውን ጉዳይ ከጓቴማላ ቆንስላ ጋር ይጨርሱ፤ መንገድዎ የሚያልፍበት አገር የትራንዚት ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነም ያጣሩ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትን፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመነሻው ዋዜማ የሚደረግ ጉዳይ አይደለም። ጓቴማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ በጋራ ስምምነት ስለሚሠሩ የሚፈቀደው የ90 ቀን ቆይታ ለአራቱም በአንድነት የሚቆጠር መሆኑንም ልብ ይበሉ።

ከቶሮንቶ፦ ማያዎች ከብዙ ዘመን በፊት እንደጠፉ አንብቤአለሁ። ታዲያ ቲካል ከድንጋይ በቀር ምን ይታይበታል?

ያነበቡት ነገር ስህተት ነው፤ የብዙ ጎብኚዎችን ጉዞ የሚያበላሸውም ይኸው ስህተት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የጠፉት ነገሥታቱ ናቸው፤ ሕዝቡ አልጠፋም። በቲካል ቀን ተጽፎበት የቆመው የመጨረሻው ሐውልት የ869 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋ ቀስ በቀስ ተለቅቃ ደን ዋጣት። ይሁንና እርስዎ የሚያድሩባት፣ በፔቴን ኢትዛ ሐይቅ መካከል ያለችው የፍሎሬስ ደሴት፣ ስፔናውያን እስከ 1697 ድረስ ሊይዟት ያልቻሉ የኢትዛ ማያዎች መናገሻ ነበረች። ዛሬም በጓቴማላ 22 የማያ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በደጋው የሚኖሩ፣ ኪቼ የተባለው የማያ ሕዝብ ሽማግሌዎች 260 ቀን ያለውን ጥንታዊ የቀን አቆጣጠር እስካሁን ይከተላሉ። ከእርሱ ጎን ለጎን የነበረው የ365 ቀን አቆጣጠር እያንዳንዳቸው 20 ቀን ያላቸው 18 ወሮችና በመጨረሻ የሚታከሉ አምስት ቀኖች አሉት፤ ጳጉሜን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ እኛ በጳጉሜ ጸበል ስንጠመቅ እነርሱ እነዚያን አምስት ቀኖች እንደ ክፉ ቀን ይፈሯቸው የነበረ መሆኑ ነው።

ወደ ቲካል ስንመለስ፣ ከፍሎሬስ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከሕንፃዎቹ ሁሉ የሚረዝመው 65 ሜትር ገደማ ያለው አራተኛው ቤተ መቅደስ ሲሆን በእንጨት ደረጃ ይወጣበታል። ከላይ ሲታይ የሌሎቹ ቤተ መቅደሶች ጫፍ ብቻ ከደኑ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ከሥር የሚሰማውና አንበሳ የሚያስመስለው ድምፅ ደግሞ የጯሂ ዝንጀሮዎች ነው። ለፀሐይ መውጫ ተብሎ በሌሊት የሚደረገው ጉብኝት ብዙ ያስከፍላል፤ ደኑ በንጋት ብዙውን ጊዜ በጉም ስለሚሸፈን ግን እኔ የማደላው ከሰዓት በኋላ ላለው ብርሃን ነው። አስጎብኚ ሲይዙ ስለ ነገሥታቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ውኃው ይጠይቁት። ከተማዋ ወንዝ አልነበራትም፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ያኖረችው አደባባዮቿን አዘንብላ በመሥራት የዝናቡን ውኃ ወደ ታላላቅ ኩሬዎች በማጠራቀም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ከአውሮፕላን በሌዘር የተካሄደ ቅኝት በአካባቢው ደን ሥር ከ60,000 በላይ የሕንፃ ቅሪቶችን አሳይቷል፤ ስለዚህ ጉብታ መስሎ የሚያልፉት ነገር ሁሉ ጉብታ ላይሆን ይችላል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ የስቅለት ሳምንታቸውን ማየት እመኛለሁ፤ ነገር ግን እጾማለሁ። ምን እበላለሁ?

በመጀመሪያ ቀኑን ያስተካክሉ፤ የካቶሊኮቹ ፋሲካ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ቀድሞ ይውላል። በመጪው 2019 ዓ.ም. የእነርሱ መጋቢት 19፣ የእኛ ሚያዝያ 24 ስለሆነ፣ እርስዎ እዚያ የሚገኙት ዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንቱን ሲጨርስ ነው። አንቲጓ በዚያ ሳምንት የድንጋይ መንገዶቿን ቀለም በተነከረ ሰጋቱራ፣ በአበባና በጥድ ቅጠል እንደ ምንጣፍ ታስጌጣለች። ቤተሰቦች ሌሊቱን ሙሉ ተንበርክከው የሠሩት ሥዕል ሰልፉ በላዩ ሲያልፍበት በደቂቃዎች ውስጥ ይበተናል። በበዓል ቀን ወለል ላይ የሚጎዘጎዘውን የጥድ ቅጠል ሽታ ሲያገኙ የእኛ ቄጠማ ትዝ ሊልዎት ይችላል። የማረፊያ ቤቱን ከብዙ ወራት በፊት ካልያዙ ግን አያገኙም።

ስለ ምግቡ አይስጉ። የአገሩ ማዕድ መሠረት በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ከተፈጨ በቆሎ በምጣድ ላይ የሚጋገረው ቶርቲያ፣ ጥቁር አደንጓሬ፣ አቮካዶና የተጠበሰ ትልቁ ሙዝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ተፈጭቶ የሚጠበሰው አደንጓሬ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይገባበታል። በስፓኒሽ «ሲን ማንቴካ» ማለት ያለ ስብ ማለት ነው፤ «ሲን ካርኔ» ያለ ሥጋ፣ «ሲን ኬሶ» ያለ አይብ። ለአደንጓሬው የመጀመሪያውን ሳይሉ አይዘዙ።

ከቴል አቪቭ፦ በአቲትላን ሐይቅና በቺቺካስቴናንጎ ገበያ ሰዎችን ፎቶ ማንሳት ነውር ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

ሳይጠይቁ ማንሳት ነውር ነው፤ በተለይ ልጆችን። በቺቺካስቴናንጎ ገበያው የሚቆመው ሐሙስና እሑድ ሲሆን፣ በ1540 ገደማ የተሠራው የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን እዚያው አደባባዩ ላይ ነው። በደረጃዎቹ ላይ የማያ ሽማግሌዎች ኮፓል የሚባለውን የዛፍ ሙጫ እንደ ዕጣን እያጤሱ ይጸልያሉ። ደረጃው የጸሎት ቦታ ስለሆነ እንግዳ በጎን በር ይገባል፤ በውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ሐይቁ በጥንት ዘመን በፈነዳ ግዙፍ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ጥልቀቱ 340 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ በደቡቡ በኩልም ሦስት እሳተ ገሞራዎች ቆመውበታል። ከመንደር ወደ መንደር የሚኬደው በትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ነው። ከሰዓት በኋላ ሾኮሚል የሚባለው ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ስለሚከብድ ጠዋት ተሻግረው ይጨርሱ። በሳንቲያጎ አቲትላን፣ ባርኔጣ የደፋውና ሲጋራና አረቄ የሚቀርብለት ማሺሞን የተባለው ምስል በየዓመቱ ከአንድ የማኅበር አባል ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል፤ የጽዋ ማኅበር ለሚያውቅ ሰው ዝውውሩ ግልጽ ነው፣ አረቄው ግን ሳያስገርመው አይቀርም። በሳን ሁዋን ደግሞ ሴቶች የሽመናውን አንድ ጫፍ ከምሰሶ፣ ሌላውን ከወገባቸው ጋር አስረው ሲሠሩ ይታያሉ። ዊፒል የሚባለው ሸሚዝ ወራት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ በዋጋው ላይ ብዙ አይከራከሩ።

ከዳላስ፦ አካቴናንጎ የሚባለውን እሳተ ገሞራ መውጣት ይከብዳል?

አዎን፣ ይከብዳል። ጫፉ 3,976 ሜትር ሲሆን መንገደኛው የሚያድረው 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። የአዲስ አበባ ሰው ሳንባው ከፍታ ለምዷል፤ ከዳላስ የሚነሳ ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ቀን አንቲጓ ቆይቶ ቢጀምር ይሻለዋል። የሚወጣው ፊት ለፊት ያለው ፉዌጎ እሳት ሲተፋ ለማየት ነው። ይህ ተራራ ግን መጫወቻ አይደለም፤ ሰኔ 3 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የፈሰሰው የጋለ አመድና ድንጋይ ሳን ሚጌል ሎስ ሎቴስ የምትባለውን መንደር ቀብሯታል። አንዳንድ አስጎብኚዎች ተጨማሪ ገንዘብ እያስከፈሉ ወደ ፉዌጎ ጀርባ ያስጠጋሉ፤ እምቢ ይበሉ። ጉልበት ለሌለው ሰው በግማሽ ቀን የሚወጣው ፓካያ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ።

ከጅማ፦ ቡናቸው እንደኛው ነው?

ዘሩ ከእኛው የወጣው አረቢካ ነው፤ አዘገጃጀቱ ይለያል። እነርሱ በአብዛኛው የሚያቀርቡት የታጠበ ቡና ስለሆነ፣ በፀሐይ የደረቀ የጅማ ቡና የለመደ ሰው ቅልልና ጥርት ብሎ ያገኘዋል። በአንቲጓ ዙሪያ ለቀማው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለሆነ በዚያ ወቅት እርሻ መጎብኘት ይጠቅማል። ሲገዙ ያልተፈጨውን ይምረጡ።